ለእንግዶች የወጡ እጆች

ያን ሐሙስ ከሰዓት አርባ ሁለት ልጆች ባንድ ጊዜ እጃቸውን ሲያወጡ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ያከበደብኝ ያ ደስታ ነውና።

አስተማሪ አይደለሁም። ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ልጆቹ ግን ቆሞ የሚያናግራቸውን ሁሉ «ቲቸር» ስለሚሉ እኔንም እንዲሁ ይሉኛል፤ ዘበኛውንም አንዳንዴ ይሉታል። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ሰው ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ፣ በማታው ትምህርት። የማታ ተማሪ እጅ አያወጣም። ሁላችንም ከሥራ የመጣን ሰዎች ነበርን። መምህሩ ስም ጠርቶ ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ይመልሳል፤ የማያውቅ «ዛሬ አላነበብኩም ጋሼ» ይላል፤ ያልፋል። ስለዚህ የቀን ተማሪ በልጅነቱ ከፊደል ጋር አብሮ የሚለምዳቸው ብዙ ነገሮች እኔን አልፈውኛል። እንዳለፉኝም አላውቅም ነበር።

ባልንጀራዬ የኮምፒውተር መምህርት ናት። በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ በትምህርት ትበልጠኛለች። ማውስ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የእሷን ደብዳቤ ሁሉ የማርመው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሻይ አብረን ጠጥተናል፣ ማታ ማታ አንድ ባጃጅ ተጋርተን ገብተናል። ሰው አንድ ነገር ሲናገር «በምን አወቅህ፣ በምን አወቅሽ» የማለት ልማድ ስላለኝ «እትዬ በምን አወቅሽ» ብላ ስም አወጣችልኝ። መምህራኑም ስሙን ተቀበሉት። አልተቀየምኩም፤ ስም የሚያወጣልኝ ሰው በማግኘቴ እንዲያውም ደስ ብሎኛል።

ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ ነግሬያት ነበር። የተቀጠርኩበት ቤት እመቤት፣ ፊደል መለየት በጀመርኩ ሰሞን፣ እንግዳ ሲመጣ ከወጥ ቤት ትጠራኝና ጋዜጣ አስይዛ «እስቲ አንብቢላቸው» ትል ነበር። ሳሎን መሐል ቆሜ፣ እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ፣ ፊደል ስቆጥር እንግዶቹ ይስቃሉ። በክፋት አልነበረም። አንዷማ ሳቋን ስትጨርስ «ጎበዝ» ብላኛለች። ይህን ስነግራት ባልንጀራዬ ብርጭቆዋን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ያን ቀን ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር።

ልጆቹን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እናስተምር ያልነው ሁለታችን ነን። ነገሩ የጀመረው በጉማሬ ነው። የስድስተኛ ክፍል አለቃ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ልጅ፣ የቤት ሥራውን ይዞ ቤተ መጻሕፍት መጣ። «ጉማሬ በሐይቁ ዳር እንቁላሉን ይጥላል» ብሎ ጽፏል።

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ኤአይ ነዋ።»

«እሱ ማነው?»

«ስልክ ውስጥ ያለው፣ ቲቸር።» አጎቱን የሚያስተዋውቀኝ ይመስል ነበር።

«አንተ የሐዋሳ ልጅ ሆነህ ጉማሬ እንቁላል ይጥላል ትላለህ?»

ትንሽ አሰበና «እሱ ካለ እንግዲህ…» አለ።

ርዕሰ መምህሩ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ፈቀደልን፤ ሐሙስ ከሰዓት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በሙከራ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘሮች መጥተው ካጸደቁት ይቀጥላል፤ ካላጸደቁት ሰዓቱ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይመለሳል። በሕይወቴ ከተሰጡኝ ነገሮች ሁሉ ያ አርባ ደቂቃ የራሴ ይመስለኝ ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች መብራት ሲኖር እንኳ የሚነሡት አራት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያለ ኮምፒውተር ጀመርን። ልጆቹ በደብተር ካርቶን ላይ ዓሣ ሣሉ፤ ግማሹን ካርድ ቆሮሶ፣ ግማሹን አምባዛ። ሥዕሉ ብዙ አያኮራም፤ ዓሣዎቹ ጫማ ይመስሉ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት አለቃውን ማሽን አደረግነው። ስለ ዓሣ የሚያውቀውን ሁሉ እንዲረሳ ተነገረው፤ «አንድ» ወይም «ሁለት» ብቻ ይላል፤ እኛ ደግሞ «ልክ» ወይም «ስሕተት» ብቻ እንላለን። ካርድ እያየ፣ እየገመተ፣ እየተነገረው፣ ከሃያ ካርድ በኋላ አንድም አልስት አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። ማሽኑም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሳምንት አዲስ የተሣለ አምባዛ አሳየነው። «አንድ» አለ፤ ቆሮሶ ማለቱ ነው። ሌላ አምባዛ፤ አሁንም «አንድ» አለ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። «ማሽኑ ተበላሸ! መብራት ሄደበት!» ለምን እንደተሳሳተ እኔም ባልንጀራዬም ወዲያው አልገባንም።

የገባት አንዲት ልጅ ናት። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ቤቷ የሚነገረው ሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛዋ ከመናገር ይልቅ በመጻፍ ይበረታል። ክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማ የለም። እኔም አማርኛ የመጣልኝ ከሰው ቤት ስለሆነ ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት አፍ ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚታይበት ዝምታ ነው። በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እየመጣች ታነባለች። ያን ቀን መጽሐፉን ሳትገልጥ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«ቲቸር፣ ዓሣውን አላየም።»

«ማን?»

«ማሽኑ። ጥግ ጥጉን ነው ያየው።»

ካርዶቹን አወጣሁ። ባልንጀራዬ የአምባዛዎቹን ካርድ ለብቻ በላስቲክ አስራ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ስለከረመች፣ የአምባዛዎቹ ጥግ ሁሉ ታጥፏል። የቆሮሶዎቹ ደኅና ነው። አለቃው ሳያውቀው የተማረው የታጠፈ ጥግን ነው፤ ጥጉ ያልታጠፈ አምባዛ ሲመጣ ቆሮሶ አለው። ቁጭ ብዬ ልጅቷን አየኋት። መጽሐፍ ለማንበብ ስንት ዓመት የፈጀብኝ ሰው ነኝ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ እንዲህ የምታይ ልጅ ስታጋጥመኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ሐሙስ ለክፍሉ ትነግሪያቸዋለሽ?»

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። «እኔ እንዳልኩት እንዳይናገሩ፣ ቲቸር።»

«አልናገርም» አልኳት፤ አልተናገርኩምም። ሐሙስ ዕለት ነገሩን እንደ ራሴ አድርጌ አስረዳሁ። ለባልንጀራዬ እንኳ አልነገርኩም። ያን ቀን ለልጆቹ እንዲህ አልኳቸው፦ ማሽን የተማረው እኛ ያሳየነውን ነው፣ ያላየነውን ስሕተታችንንም ጨምሮ። ስለዚህ የሚነግራችሁን ሁሉ በምን አወቅህ በሉት። ሁለተኛ ምስክር ፈልጉ፤ ከመጀመሪያው ጋር ያልተማከረ ምስክር። አለቃው ይህን በደብተሩ ጻፈና ከሥሩ «ጉማሬ» ብሎ ጨመረ።

ሱፐርቫይዘሮቹ የሚመጡበት ሐሙስ ደረሰ። ጥያቄ የምትጠይቀው ባልንጀራዬ፣ ካርድ የማድለው እኔ ነበርን። ሦስት ሆነው መጡ፤ ሁለቱ ከኋላ ተቀመጡ፤ አንዱ ኮምፒውተሮቹን ልይ ስላለ ርዕሰ መምህሩ ባልንጀራዬን ጠራት።

«በይ አንቺ ጀምሪ፣ መጣሁ» አለችኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ርዕሰ መምህሩ ክርኗን ያዛት። ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፣ ሁለት ጊዜ። አይዞሽ ያለችኝ መሰለኝ። እኔም እጄን ከፍ አደረግሁላት።

ልጆቹን የማውቀውን፣ የምወደውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «ማሽናችን አምባዛውን ቆሮሶ ያለው ለምን ነበር?»

አርባ ሁለት እጅ ወጣ። በዚያ ክፍል ከአሥር እጅ በላይ አይቼ አላውቅም። ደረቴ ሞላ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል አየሁ፤ የእሷም እጅ ወጥቷል። ከጆሮዋ ከፍ አላለም፣ ግን ወጥቷል። እኔ እንዳልኩት እንዳይናገሩ ያለችኝ ልጅ ዛሬ ራሷ ልትናገር ነው ብዬ አሰብኩ። ከአርባ ሁለቱ የማየው እሷን ብቻ ሆነ።

«እስቲ አንቺ» አልኳት።

እጇን አላወረደችም። ፊቷ ግን ተለወጠ። ቀስ ብላ ተነሣች። ቆመች።

«ታውቂዋለሽ እኮ። ንገሪያቸው።»

ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። እጇን እንዳወጣች ረስታዋለች። አለቃው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ሹክ ሊል አስቦ፣ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ድምፁ «ቲቸር፣ ግራዋን እኮ ነው ያወጣችው» አለኝ።

«ግራም እጅ ነው» አልኩ።

ያኔ ክፍሉ ሳቀ። የልጆች ሳቅ አፍ ተይዞ ሲሳቅ የባሰ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ሱፐርቫይዘሮች አልሳቁም። ከሁለቱ ሸበቶው ግን ፈገግ ብሎ አንገቱን ወደ ወረቀቱ ደፋ። ከዚያ በደግ ድምፅ «ተይያት፣ የኔ እኅት። ያን ልጅ ጠይቂው» አለኝ፤ ወደ አለቃው እያመለከተ። አለቃው ቀኝ እጁን እንዳወጣ ነበር። ተነሥቶ የታጠፈውን ጥግ ነገር አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ተጨበጨበለት። እሷ መቀመጥ እንዳለባት የነገራት ስለሌለ ቆማ ቀረች። እኔ ነበርኩ ተቀመጪ ማለት የነበረብኝ።

ደወል ሲደወል አለቃውን አስቀረሁት።

«ግራ ማለት ምንድን ነው?»

አላመነኝም። «ቲቸር ደግሞ። የሚያውቅ ቀኝ፣ የማያውቅ ግራ። እንግዳ ሲመጣ። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ እኮ ነው።»

«ለዛሬው ማን ነገራችሁ?»

«ቲቸር ናቸዋ፣ የኮምፒውተሯ። ረቡዕ ዕለት ስም ዝርዝር ይዘው መጡ። ማን ቀኝ፣ ማን ግራ እንደሆነ አነበቡልን። ግራ የሆነ አይጠየቅም፣ ዝም ብሎ እጁን ያውጣ አሉ።» ቆም ብሎ አየኝ። «ቲቸር፣ እውነት አያውቁም ነበር?»

ልጆቹ ያውቃሉ። ርዕሰ መምህሩ ያውቃል። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ አስተማሪ ሆኖ ሳለ ሲያደርገው የኖረ ነውና ፈገግ ብሎ አለፈው። ክፍሉ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ አርባ ሁለት እጅ እውነት መስሎት ደረቱ የሞላው እኔ ብቻ ነኝ።

ባልንጀራዬን በመምህራን ክበብ አገኘኋት። ሻይና ዳቦ አዝዛልኝ ነበር።

«አለፈ» አለችኝ ገና ከሩቅ። «‹የተማሪዎች ተሳትፎ እጅግ በጣም ጥሩ› ብለው ጽፈዋል።»

«የምን ተሳትፎ?»

«ጀመረች እትዬ በምን አወቅሽ።»

«ግራና ቀኙን ነው የምልሽ።»

ዳቦዋን አስቀመጠች። «በር ላይ ላመለክትሽ ሞክሬያለሁ።»

«ረቡዕስ?»

«ረቡዕ ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ። እምቢ ካልሽ ሰዓቱ ይሄዳል። ሰዓቱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ የምትወጂው አንቺ ነሽ። ምን ላድርግ?»

«ልጆቹን ‹በምን አወቅህ በሉ› ስንል አይደለም እንዴ የከረምነው?»

«እሱ ለማሽን ነዋ።»

«ለሰውስ?»

«ለሰው ይሉኝታ አለ» አለች። ቀልዷን አልነበረም።

ሻዩን አልነካሁትም። ለምን ያችን ልጅ ግራ እንዳደረገቻት ጠየቅኋት።

«አትናገርማ። አንድ ቀን ስትመልስ ሰምተሻታል?»

«ጥጉን ያየችው እሷ ናት።»

«ታዲያ ነግረሽኛል?» አለች፤ እውነቷን ነው። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ምናልባት እስከ ዛሬ ሻይ አብረን እንጠጣ ነበር። ግን ተናድዳ ነበርና ቀጠለች። «ደግሞስ ለማን ብዬ ነው? ሳሎን መሐል ያቆሙሽ ነገር እስከ ዛሬ የሚያቃጥልሽ አንቺ አይደለሽም ወይ? ግራ እጅ ማለት ይቺን አትንኳት ማለት ነው። ማንም እንዳያፍር ብዬ ነው ያደረግሁት። ያቆምሻት አንቺ ነሽ።»

ያቆምኳት እኔ ነኝ። ግን የሽንኩርቱን ነገር ስነግራት እጄን ይዛኝ ነበር፤ የያዘችው እጄን መስሎኝ ነበር። ቃሌን አስቀምጣ፣ አቆይታ፣ በሚያስፈልጋት ቀን አውጥታ ታሳየኛለች ብዬ አላሰብኩም። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ባጃጁን ለብቻዬ ያዝኩ።

ልጅቷ በምሳ ሰዓት መምጣት አቆመች። ሐሙስ ትመጣለች፤ መቀመጫዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ደብተሯን ታያለች። ወንበሯ አጠገብ ሳልፍ እጇን ከጠረጴዛው በታች ታደርጋለች። በሦስተኛው ሳምንት የተዋሰችውን መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። ካርዷን ቀስ ብዬ ፈለግሁት፤ የት እንዳለ ባውቅም።

«መልሱን ታውቂው ነበር» አልኳት።

«አዎ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ግራ ነበርኩ።» ሌላ ምክንያት የሚያስፈልገው አልመሰላትም። መሬት መሬት እያየች፣ «አይጠየቅም ተብሎ ነበር» አለች።

«እኔ አላውቅም ነበር። ስለ ግራና ቀኙ ማንም አልነገረኝም። ባውቅ ኖሮ አልጠራሽም።»

«ቲቸሮች ሁሉ ያውቃሉ።»

«እኔ ግን አላውቅም ነበር።»

አፏ ውስጥ ያለውን ቃል ስታየው አየኋት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ያለ ድፍረት፣ ያለ ንቀት፣ እንዳስተማርኳት አድርጋ ጠየቀችኝ።

«በምን አውቃለሁ?»

ከዚህ በፊት በጥያቄዬ የተናደደብኝ ሰው ሁሉ ምን እንደተሰማው ያን ጊዜ አወቅሁ። ምስክር ያስፈልገኝ ነበር፤ ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት ከሰላምታ በቀር ያላናገርኳትን ሴት ሄጄ ለመንኳት። «ለልጅ ነው የምንመሰክረው?» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና ተነሣች። ክፉ ሰው እንዳልሆነች መጻፍ አለብኝ። ልጅቷን በኮሪደሩ አገኘናት። ባልንጀራዬ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሕፃን ወድቆ ሲነሣ በሚሳቅ ሳቅ፣ «እሷ አታውቅም ነበር የኔ ቆንጆ፣ ሁሉንም ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በቃ፣ አትቀየሚያት» አለቻት።

እውነት ነው የተናገረችው። ግን ድምፁ ትልቅ ሰው ትልቅ ሰውን ሲሸፍን የሚያወጣው ድምፅ ነበር፤ እኔም ስሰማው ያን ያህል አላመንኩትም።

ልጅቷ ተራ በተራ አየችን።

«ተነጋግረው ነው የመጡት?»

ባልንጀራዬ ሳቀች። እኔ «አዎ» አልኩ። ሌላ ማለት አልችልም ነበር፤ ተነጋግረን ነበርና።

«እሺ» አለች። ውኃ ቅጂ ሲባሉ የሚሉት ዓይነት እሺ ነው። መጽሐፏን አቅፋ ሄደች።

የሐሙሱ ሰዓት ጸድቋል። እስከ ዛሬ አለ፤ በአርባ ሁለቱ እጆች ምክንያት አለ። እጅ ማውጣት ከልክያለሁ፤ እያንዳንዱ ልጅ መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል። አለቃው «ቲቸር፣ ፈተና ሆነብን እኮ» እያለ ያማርራል። ባልንጀራዬ ስታገኘኝ «እንደምን አደሩ» ትለኛለች፤ አንቺ መባባላችን ቀርቷል። በክበቡም «እትዬ በምን አወቅሽ» የሚለኝ የለም።

ባለፈው ሐሙስ «ማሽን ሲሳሳት ጥፋቱ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አብዛኞቹ «የማሽኑ» ብለው ጻፉ። አለቃው «የመብራት» ብሎ ጻፈ። የመስኮቷ ልጅ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ በአለቃው እጅ ላከችልኝ፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምትልከው። ስገልጠው በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ አንድ መስመር ነበር፦ «ካርዶቹን ለይቶ ያሰረው ሰው።»

ልክ ብዬ ምልክት አደረግሁበት። ከጎኑ ሌላ ነገር ልጨምር ብዕሩን ጥቂት ያዝኩት። የምጽፈው እውነት መሆኑን በምን ታውቃለች? ወረቀቱን እንዳጠፈችው መልሼ አጥፌ ላክሁላት።